የበዓል ቀን ዜሮ

አማካሪዬ በዕድሜ ታናሼ ነው። እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይለኛል። ዶክትሬት ዕድሜ እንደሚጨምር የገባኝ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ዩኒቨርሲቲ የተመለስሁ ጊዜ ነው።

የተመለስሁት ዘግይቼ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። አንድ ልጅ አለችኝ፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ደርሳ ነበር። ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው። የምሠራው በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን ቁጥር ማጠናቀር ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስታትስቲክስ እንድማር ፈቀደልኝ። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

ትምህርቱን በሰላም ጨረስሁ። የከበደኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። አንድ ጊዜ ተራዘመልኝ። ሁለተኛው ማራዘሚያ ሲመጣ ደብዳቤው «ለመጨረሻ ጊዜ» ይል ነበር። ሰኔ ከማለቁ በፊት ጽሑፌን አቅርቤ ካላለፍሁ ዩኒቨርሲቲው ስሜን ይሰርዛል፣ መሥሪያ ቤቱም ወንበሬን ለሌላ ይሰጣል። ደብዳቤውን ከምስለ ፍቅር ወልዳ ሥዕል ሥር አስቀመጥሁት። እሷ ታንብበው አልሁ።

ርዕሴ የዓሣ ቆጠራ ነበር። አማካሪዬ በጣና ዙሪያ አንድ ፕሮጀክት አለው። በየጀልባ ማረፊያው መዝጋቢ ተቀጥሮ እያንዳንዱ ጀልባ በየቀኑ ስንት ዓሣ እንዳወጣ ይጽፋል። ለእኔ የቁንዝላ ደረሰኝ።

ቁጥር ሁሉ አንድ አይደለም። ክብደት ግማሽ አለው፤ ከጀልባ ላይ ሲቆጠር ግን ግማሽ ዓሣ የለም። ቆጠራ ከዜሮ በታች አይወርድም። ብዙውን ጊዜ ትንሽ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በድንገት ይበዛል። ስለዚህ የራሱ ዘዴዎች አሉት። ይህን በመጀመሪያው ሴሚስተር እንማራለን። ከተመረቁ በኋላ መጀመሪያ የሚረሱትም እሱን ነው።

አማካሪዬ ረስቶት ነበር።

«ሎጋሪዝም አድርጊውና በተለመደው ሪግሬሽን ሥሪው» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«ዶክተር፣ ዜሮ ብዙ አለው። ዜሮ ደግሞ ሎጋሪዝም የለውም።»

«አንድ ጨምሪበት።»

«በየቱ ላይ?»

«በሁሉም ላይ። ማንም የሚያደርገው ነው። ከሁሉም ላይ እኩል ከጨመርሽ ማንን በደልሽ?»

ወደ ቤቴ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አሰብሁት። ባዶ መረብ ይዞ ለተመለሰ ሰው ሁሉ በወረቀት ላይ አንድ አንድ ቆሮሶ ማደል ማለት ነው። ጌታችን ሁለት ዓሣ ተቀብሎ አምስት ሺህ ሕዝብ መገበ። እሱ እንኳ መነሻ ነበረው። እኛ ያለ ምንም ጀመርን።

ከዚያ በኋላ ልሳቅበት ብልም አልሆነልኝም። ቁጥሩ ሁሉ ትልቅ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ቢጨመርበት ለማንም አይታወቀው። የእኔ ሰንጠረዥ ግን ግማሹ ያህል ዜሮ ነው። አንድ ሲጨመርበት አንድ መልስ ይወጣል፣ ግማሽ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ መልስ ይወጣል። ሞክሬዋለሁ። መልሱን የሚሰጠው ሐይቁ ሳይሆን እኔ የጨመርሁት ቁጥር ነበር። በምስክር ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ማድረግ ስም አለው።

እንደተማርሁት ለቆጠራ በተሠራው መንገድ ሄድሁ። የመጀመሪያው ፖይሰን የሚሉት ሞዴል ነው። እሱ ጨዋ ነው፤ የሚጠብቀውም ጨዋነት ነው። አማካዩ ይህን ያህል ከሆነ መበታተኑም ያንኑ ያህል ይሆናል ብሎ ያምናል። የቁንዝላ ዓሣ አይሰማውም። በዐቢይ ጾም ብቻ ብናይ፣ ከተማው ዓሣ ይፈልጋል፣ ጀልባው ሁሉ ይወጣል፣ ቁጥሩ ሰማይ ይደርሳል። (አማካሪዬ በዐቢይ ጾም ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ጎርሶ «ዓሣ ጾም አያስገድፍም» ይላል። በሌላ ወር ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።) ለእንዲህ ያለው መበታተን ሌላ ሞዴል አለ፤ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ይባላል። ትከሻው ሰፊ ነው፣ የበዛውንም ያነሰውንም ይሸከማል። እሱን ሞከርሁ። የበዛውን ቀን ቻለው። ዜሮውን ግን አልቻለውም። ሞዴሉ የሚጠብቀው ዜሮ ጥቂት ነው፤ እኔ ያለኝ ዜሮ ገበያ ያቆማል።

«ምንም አይገርምም» አለኝ አማካሪዬ። «ሐይቁ እያለቀ ነው። ዜሮው የሚናገረው እሱን ነው። እንዲያውም መደምደሚያሽ ከአሁኑ ታውቋል።»

ጽሑፌ ገና መካከል ላይ ነበር፣ መደምደሚያው ግን ደርሷል። ምሳ ሳይሠራ እንግዳ እንደ መሸኘት ነው። ኋላ እንደሰማሁት ያ መደምደሚያ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ማመልከቻ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ከአንድ ባዶ መረብ ፎቶ ጋር። መረቡ ባዶ የሆነው ሊሰጣ ስለተዘረጋ ነው።

ሚያዝያ ገባ። ሞዴሉ አልተስተካከለም። ጸሎት አበዛሁ፣ እንቅልፍ ቀነስሁ።

የማርያም ዕለት ከቅዳሴ ተመልሼ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ ተቀመጥሁ። ልጄ የደንብ ልብሷን ተሸክማ መጣች።

«እማ፣ ይህ ለነገ ካልታጠበ በር ላይ ይመልሱኛል።»

«ዛሬ ማርያም ናት።»

«አውቃለሁ። ማርያም ግን ዘበኛውን አታውቀውም።»

«ነገ በጧት ተነስቼ አጥብልሻለሁ።»

«አይደርቅማ!»

«ትናንት ለምን አላመጣሽውም?»

ልብሱን ወንበር ላይ ጣለችው። ሰንጠረዤን በትከሻዬ ላይ ሆና አየችው፤ መልስ ስታጣ ሥራዬን መተቸት ልማዷ ነው።

«ምንድን ነው ይህ ሁሉ ዜሮ?»

«ዓሣ ያልወጣበት ቀን ነው።»

«ዛሬ መጥተው አንቺ ያጠብሽውን ልብስ ቢቆጥሩም ዜሮ ነው የሚጽፉት» አለች። «ከዚያ ‹ባሕር ዳር ላይ ሳሙና አልቋል› ብለው ጥናት ያወጣሉ።»

ሳቅሁ። ከዚያ መሳቁን ተውሁ።

የዛሬውን ቀን ፈለግሁ። ሰንጠረዡ ውስጥ ማርያም የለችም፣ ሚያዝያም የለም። ያለው ኤፕሪል ነው። መዝጋቢው በወረቀቱ ላይ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ከተማ ውስጥ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ቀኑ ሁሉ ፈረንጅ ይሆናል። የእኛ ሃያ አንድ በእነሱ አንድ ወር ላይ ሠላሳ፣ በሌላው ሠላሳ አንድ፣ በሌላው ሃያ ዘጠኝ እየሆነ ይዞራል። ስለዚህ ማርያም በየወሩ አንድ ቦታ ላይ ቆማ ሳለ፣ በኮምፒዩተሩ ዓይን ስትንከራተት የምትውል መሰለች። አማካሪዬም፣ ፕሮጀክቱም፣ እኔም ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ቤተ ክርስቲያን እየተሳለምን፣ ከሰንጠረዡ ፊት ስንቀመጥ አንድም በዓል የማያውቁ ሰዎች ነበርን።

ቀኖቹን ወደ እኛው አቆጣጠር መለስኋቸው። ዜሮዎቹ በሰልፍ ቆሙ። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ባለ ወልድ። እሑድም አለ። እንዲያ ሆነው ሳያቸው አማተብሁ።

በዋዜማው ማታ መረብ አይጣልም፤ ያልተጣለ መረብ በማግስቱ አይወጣም። ዓሣው ሐይቁ ውስጥ እንደልቡ ይዋኛል። ወረቀቱ ላይ ግን ዜሮ ተጽፎበታል።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ልጄ።

«ተመስገን በይ።»

«ስለ ልብሴ?»

ልብሷ ግን በማግስቱ እርጥቡን ተለበሰ። ዘበኛው አሳለፋት።

እንዲህ ያለ ነገር ከተማ ተቀምጦ አይጻፍም። ቁንዝላ ሄድሁ። መንገዱ አጥንት ይቆጥራል፤ እሱም ቆጠራ ነው። መዝጋቢው ከጀልባ ማረፊያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ጎልማሳ ነው፣ ፂሙ ሸብቷል፣ እንግዳ ይወዳል። ወንበሩን ለእኔ ሰጥቶ እሱ በርሜል ላይ ተቀመጠ።

«መረብ ያልተጣለ ቀን ምን ይጽፋሉ?» አልሁት።

«ዜሮ ነዋ፣ እትዬ።»

«መረብ ተጥሎ ዓሣ ሲጠፋስ?»

«እሱም ዜሮ። ዓሣው በሁለቱም የለ!»

«ባዶ መተው አይቻልም ነበር?»

«ኧረ ወዲያ! ባሕር ዳር ወስደው አሠለጠኑን። የሥልጠናው ቃል አንድ ነው፦ ባዶ ሳጥን እንዳትተዉ። ባዶ ያለበት ወረቀት ይመለሳል። እኔ አንድም አልተመለሰብኝ።» ይህን ሲል ደረቱ ሰፋ።

«የበዓሉን መቼ ነው የሚጽፉት?»

«ወሩ ሲገባ። ሁሉንም አንድ ላይ።»

«ቀኑ ሳይደርስ?»

በአዘኔታ አየኝ። «ሚካኤል ይቀራል እንዴ?»

እኔ ራሴ የምኖረው እንዳይቀር እየለመንሁ ነው።

ከሰንጠረዡ አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቶኝ ነበር። አንዲት ጀልባ በማርያምም በሚካኤልም ዓሣ ታወጣለች። ቁጥሯን ነገርሁት።

«እሷ የሐጂ ልጆች ጀልባ ናት» አለ። «የእነሱ ዜሮ በኢድ ነው። እሱን ግን አስቀድሜ አልጽፍም።»

«ለምን?»

«ጨረቃዋ መታየት አለባታ! እኔ የማላውቀውን አልጽፍም።»

ጥንቁቅ ሰው ነው። ልብ ብዬ ስመለከተው፣ የእሱ ወረቀት ከእኛ ኮምፒዩተር የሚሻለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑን አልቀየረም። ሌላው ስህተት እኩል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። ዜሮ በሁለት በር ይገባል። በአንደኛው በር የሚገባው መረብ ስላልተጣለ ነው፤ በሁለተኛው የሚገባው መረብ ተጥሎ ዓሣ ስለጠፋ ነው። ለዚህ የተሠራ ሞዴል አለ። መጀመሪያ «በዚህ ቀን ይህች ጀልባ መረብ ጥላለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ «ጥላ ከሆነስ ስንት አወጣች?» ይላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ በዓሉን ሰጠሁት፣ የጀልባዋንም ባለቤቶች ማንነት። ለሁለተኛው ወሩን፣ የመረቡን ዓይነት፣ ጾሙን። የበዓሉ ዜሮ በአንደኛው በር ወጣ። የቀረው እውነተኛው ዜሮ ነው። ጥቂት አይደለም፤ ዓሣው በእርግጥ እየሳሳ ነው። ግን ሐይቁ አላለቀም።

ወደ አማካሪዬ ሄድሁ።

«ዶክተር፣ ዜሮው ሁለት ዓይነት ነው።»

«ዜሮ ዜሮ ነው።»

አስረዳሁት። አጭር ነው የተናገርሁት፤ በተፈጥሮዬ ብዙ አልናገርም። ሲሰማ ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ። የጠቆረው ስላልገባው አልነበረም። ገብቶት ነው።

«ታዲያ ሐይቁ አላለቀም ልትይ ነው?»

«እየቀነሰ ነው። እርስዎ ባሉት ልክ ግን አይደለም።»

«አየሽ፣ ዜሮው ከወጣ ችግሩ ያንሳል። ችግሩ ካነሰ ፕሮጀክቱ ምን ሊሠራ ነው?»

«ዓሣ ይቆጥራላ።»

አልሳቀም። «ጊዜ የለሽም» አለኝ። «አንድ ጨምሪበትና ጨርሽ። ያለዚያ አልፈርምም።»

ያኔ ፈራሁ። አማካሪ ያልፈረመበት ጽሑፍ ለፈተና አይቀርብም፤ ለፈተና ያልቀረበ ሰው በሰኔ መጨረሻ ይሰረዛል። እቤት ገብቼ ለልጄ አልነገርኋትም። ለእመቤታችን ነገርኋት። አንድ መጨመር ቀላል ነበር፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ጣቴን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አስቀምጬ እንደነበር አስታውሳለሁ። ባዶ መረብ ስቦ የሚመለሰው ሰው ታየኝ። በእጁ ያልያዘውን በእጁ ይዟል ብዬ ልፈርም ነው። ከዚያ አልፎ፣ መረቡን ለማርያም ብሎ የተወውን ሰው «ሐይቁ ደርቆበት ነው» ልለው ነው። ጣቴን አነሳሁ።

ጽሑፌን እንዳለ አስጠረዝሁና ለአማካሪዬ ወሰድሁለት። ስልክ ላይ ነበር። በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ አስቀመጥሁለት። እያወራ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠና ፈረመ።

አላነበበውም። እግዚአብሔር በብዙ መንገድ ይሠራል፤ ይህኛውን መንገድ ግን አልጠበቅሁትም ነበር።

የፈተናው ቀን በደብዳቤ መጣ፤ ጁን አሥራ ዘጠኝ ይላል። ዩኒቨርሲቲያችን ፈረንጅ ነው። ቤት ገብቼ ቆጠርሁት። ሰኔ አሥራ ሁለት፣ የሰኔ ሚካኤል። የዓመቱ ትልቅ ክብረ በዓል!

«ዛሬ ማንም አይመጣም» አለችኝ ልጄ በዚያ ጧት፣ ነጠላዬን ስለብስ።

«ደብዳቤ ነው የላኩት።»

«ደብዳቤውን የጻፈው ኮምፒዩተር ነው፣ እማ። የሚመጡት ሰዎች ናቸው።»

ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድሁ። አዳራሹ ተቆልፏል። ዘበኛው ብቻ ነበር፤ እሱም ነጭ ለብሷል። ለአማካሪዬ ደወልሁ፤ ከበስተጀርባው ከበሮ ይሰማል። «ዛሬ'ኮ በዓል ነው!» አለኝ፣ በዓሉን የደበቅሁት እኔ እንደሆንሁ ሁሉ። የወሩ መጨረሻ እየቀረበ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሚካኤልን አመሰገንሁት፣ ትንሽም ቅር አልሁት።

ሌላ ቀን ተሰጠኝ። በዚያኛው ሁሉም መጡ። ሰብሳቢው በዕድሜ የገፉ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሲጠይቁ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ተማሪ የሚፈራው ይህንን ነው። አቀረብሁ። እንደጨረስሁ መጀመሪያ የተናገረው አማካሪዬ ነው።

«እኔ በበኩሌ አንድ እንድትጨምር መክሬያት ነበር» አለ። ፊርማው ከገጹ ላይ እያየው።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሃይማኖትን ተለዋዋጭ አድርገሽ ሞዴል ውስጥ አስገብተሻል። ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ስንክሳር?»

አንዳንዱ ሳቀ። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ አላየኋትም፣ መኖሯን ግን አውቃለሁ።

«ቅዱሳኑን አላስገባሁም፣ ጌታዬ። መረብ አለመጣሉን ነው ያስገባሁት።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ባለፈው የሚካኤል ዕለት ለዚሁ ፈተና መጥቼ ነበር። አዳራሹ ዝግ ነበር። በዚያ ቀን እዚህ ያለፈ ተማሪ ቁጥር ዜሮ ነው። ተማሪዎቹ ደካማ ስለሆኑ ነው እንበል?»

አማካሪዬ ጣሪያውን ተመለከተ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ያመማቸው መስሎኝ ነበር።

«ዝክር ነበረብኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ። «ለዚያች ዜሮ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ይልቅ፣ አንድ ብንጨምርባትስ ኖሮ?»

«እኔ ያኔውኑ ተመርቄ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የጠየቁኝ የሞዴሉን ነው፤ የመበታተኑን፣ የሁለቱን በር። ያንን አውቀዋለሁ። ወጥተሽ ጠብቂ ተባልሁ፤ ጠበቅሁ። ተጠራሁ፤ አልፈሻል ተባልሁ። ተመስገን! ወንበሬ ተመለሰልኝ፣ ስሜም አልተሰረዘም። ልጄ አንገቴን አቅፋ «ሳሙና አላለቀም» አለችኝ።

ማረሚያ ተሰጠኝ፤ ያለ ማረሚያ ማንም አይለቀቅም። አንደኛው፣ ሰንጠረዡ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠርም ይጻፍ የሚል ነው። ደስ እያለኝ ጻፍሁ። ሁለተኛው የምስጋና ገጼን ይመለከታል። ከእግዚአብሔር ጀምሬ፣ እመቤታችንን፣ ሚካኤልን፣ ጊዮርጊስን፣ የቁንዝላውን መዝጋቢ፣ ልጄን፣ መሥሪያ ቤቴን፣ አማካሪዬን አመስግኜ ነበር። ወደ ሁለተኛው ገጽ ትንሽ ተርፎ ፈስሷል። «ረዝሟል፣ በአንድ ገጽ ይሁን» ተባለ።

አማካሪዬ በኮሪደሩ ላይ አግኝቶኝ «ቅዱሳኑን ቀንሻቸው» አለኝ። «ይህ የሳይንስ ጽሑፍ ነው።»

እቤቴ ገብቼ ገጹን ደጋግሜ አነበብሁት። ያልረዳኝን ቅዱስ ፈለግሁ፤ አጣሁ። የአማካሪዬ ስም ደግሞ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ደንብ ነው።

አንድ ቀነስሁበት። በአንድ ገጽ ገባ።